ሊቀ ማጠቢያ

ሰውየው ዘጠኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው። ሸሚዙን የምታጥብለት ግን እህቱ ናት፤ በሳፋ፣ በእጇ፣ ደጅ ቁጢጥ ብላ።

ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ማሽኖቹ ተበላሽተው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አልተበላሹም። ከዘጠኙ ስድስቱ ይሠራሉ። ሦስቱም ቢሆኑ ባለቤታቸው እንደሚለው «ዕረፍት ላይ» ናቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሰውየው አሮጌ የአውሮፓ ማሽን የሚሰበስበው ሊያጥብበት ሳይሆን ሊያውቀው ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ጭረት ሳይነካው እዚህ የደረሰ ማሽን ውስጥ ካልሲ ጨምሮ ማዞር ለእሱ በብራና መጽሐፍ እሳት እንደ ማቀጣጠል ያለ ግፍ ነው። ይህን ምሳሌ በሰማች ቁጥር እህቱ፣ «ብራናውስ ይነበባል፤ ያንተዎቹ ምን ይደረጋሉ?» ትለዋለች።

የሚኖሩት ከእናታቸው በቀረችላቸው ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው በስተግራ የሚያገኛት ጣሊያናዊቷን ነው፤ ቀጭን ናት፣ ከላይ ነው የምትከፈተው፣ ቴሌቪዥኑን ተሸክማለች። ቀጥላ ሁለት ገንዳ ጎን ለጎን ያላት እንግሊዛዊቷ አለች፤ በአንዱ ታጥባለች በሌላው ትጨምቃለች፤ ይህ ቤት ከገባች ወዲህ ግን ሁለቱም የሽንኩርት ማስቀመጫ ናቸው። ክብ የመስተዋት በር ያላት ጀርመናዊቷ የተቀመጠችው በሰውየው አልጋ ራስጌ ነው። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ፊት ነው፣ በመስተዋቷ ተጣሞ። ከዚያ በኋላ ቀኑ የሚያመጣበት ነገር ብዙም አያስደነግጠውም።

«ሚስት ብታገባ የት ልታስተኛት ነው?» ትለዋለች እህቱ።

«እንደ ስፋቷ ነዋ፣ እታለም።»

አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ስፋቷን የምታስለካ እስካሁን አልመጣችም።

ነገሩ የጀመረው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ልቦለድ ገዛ፤ ከልቦለዱ ጋር በሲባጎ የታሰረች ቀጭን የማሽን መመሪያ አብራ መጣች። ልቦለዱ መጨረሻው ተገንጥሎ የለም። መመሪያዋ ግን ሙሉ ነበረች። እናም እሷን አነበበ። እንዲህ በግልጽ ተጀምሮ በግልጽ የሚያልቅ ታሪክ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ውሃ ይገባል፣ ይሞቃል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል፣ በቃ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ባለሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አለ፤ ችግር፣ ምክንያት፣ መፍትሔ። ያን ሠንጠረዥ ካየ ወዲህ የሰው ልጅ ኑሮ ለምን በዚህ መልክ እንዳልተጻፈ ያብሰለስላል። የራሱን ኑሮ ሊጽፈው ሞክሮ ያውቃል። የመጀመሪያው ዓምድ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሁለተኛው ላይ የእሱ ስም ብቻ እየተደጋገመ ወረደ፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ ነጭ ነው።

ጀርመንኛ ያውቃል ይባላል። እውነት ነው፣ አርባ ሦስት ቃል ያውቃል። ሁሉንም የለቀማቸው ግን ከማሽን ማዞሪያ ዙሪያ ነው። አንድ ቀን በሚሠራበት ሆቴል አንዲት ጀርመናዊት እንግዳ መንገድ ተሳስታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ይህን አጋጣሚ ስንት ዘመን ሲጠብቅ የኖረው ሰው ከካውያው ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በጥሩ አነጋገር ያላት ነገር ቢተረጎም፣ «ቅቅል። ሱፍ። ውሃ አፍስስ። አጥብቀህ ጭመቅ» ማለት ነበር። ሴትዮዋ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ በመጣችበት ደረጃ ሽቅብ ተመለሰች። «ሊቀ ማጠቢያ» የሚለው ስም የወጣለት ያን ዕለት ነው። ለማዕረጉ ሌላ ፈተና አልተፈተነም።

ሙያው ልብስ መተኮስ ነው። በዚያ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የመተኮሻ ክፍል፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለአሥራ ሁለት ዓመት አንሶላና የትራስ ልብስ ሲተኩስ ኖሯል። ከበሩ ማዶ ማጠቢያ ክፍሉ ነው። እዚያ ደግሞ «አሮጊቷ» አለች፤ ስዊድን ሠራሽ፣ ሆዷ ሃያ አምስት አንሶላ በአንዴ የሚውጥ፣ ከእሱ ሃያ ዓመት የምትበልጥ ማሽን። አሥራ ሁለት ዓመት በበሩ ስንጥቅ እያየ ሲመኛት፣ አንድ ቀን እንኳ እጁን ጭኖባት አያውቅም። የማጠቢያ ክፍሉ ባለቤት ሌላ ሰው ናቸውና፤ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ ክንዳቸው እንደ ግንድ የጠነከረ፣ ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው አጣቢ። እትዬ ወንድ ወደ ማሽናቸው ሲጠጋ እርጥብ ፎጣ ያነሣሉ። ፎጣው የሚነሣው ለመድረቅ አይደለም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ሆቴሉ አዲስ የመተኮሻ ማሽን አስመጣ። ረጅም የጋለ ጥቅልል ብረት ነው፤ እርጥብ አንሶላ በአንድ በኩል ሲያጎርሱት በሌላው በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። ሣጥኑ ሲከፈት ከሁሉ አብልጦ የተደሰተው ማን ነበር? ሊቀ ማጠቢያ። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ለገጣጣሚዎቹ ብሎን አቀበለ። ለሁለቱ ባልደረቦቹ እየተረጎመ አስረዳ። ገጽ ሦስት ላይ «ይህ ማሽን የአራት ተኳሾችን ሥራ ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና «አቤት ጥበብ!» አለ። ባልደረቦቹ ተያዩ። ሆቴሉ ያለው ተኳሽ ሦስት ነው። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጀበት።

አንዱ ባልደረባው ወንድሙ ሱቅ ገባ፤ ሌላው ታክሲ ሊነዳ ሄደ። እሱን ሥራ አስኪያጁ አስጠራው። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ያንሰዋል፤ ክራቫቱን እንደ ማነቆ የሚያስር፣ ክፋት የሌለው፣ ጊዜም የሌለው ሰው ነው።

«ያንተ ቦታ እንግዲህ ታጥፏል። የማሽን ቴክኒሺያኑ ደግሞ ለቆብኛል። ሊቀ ማጠቢያ ይሉሃል አይደል?»

«ይላሉ ጌታዬ። ሲሳለቁ ነው።»

«ይሳለቁ። አሮጊቷ መሐል ላይ እየቆመች አስቸግራናለች። ሴቶቹ አጠገቧ ቆመው እየገፉ ነው የሚያስጨርሷት። እትዬ ደግሞ ‹እኔ አስተካክላታለሁ› ይሉኛል፤ እኔ የምፈልገው በሥርዓት የተጠገነ ነገር ነው። ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ማንም ሳይነካት አንድ ዙር ከጨረሰች የቴክኒሺያኑ ቦታ ያንተ ነው።»

«ካልጨረሰችስ?»

«ካልጨረሰችማ ለአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎትህ የምስጋና ደብዳቤ እሰጥሃለሁ። ያን ደብዳቤ ይዘህ ትወጣለህ።»

ቤቱ የቆመው በእሱ ደመወዝ ነው። እጁ ደግሞ ከካውያ በቀር ሌላ ሙያ አልለመደም። እህቱ ነገሩን ስትሰማ መዘፍዘፏን ትታ፣ አረፋዋን ከክንዷ እየጠረገች ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሦስት ቀን አለህ» አለችው። «የተበላሸ ነገር ካገኘህ ጠግን። ካላገኘህ አፍህን ያዝ። አደራህን፣ ታሪኳን እንዳትተርክላቸው።»

«እታለም፣ እኔ መቼ ነው የምተርከው?»

እህቱ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ማጠቢያ ክፍል ገባ። እትዬ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ፎጣቸውን ሳያነሡ አሳለፉት። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ማሽኗን አስነሥቶ የት ላይ እንደምትቆም ያይ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ የፋብሪካ ቁጥሯ የተቀረጸበትን የናስ ሰሌዳ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገ፤ በገዛ ጥርስ ብሩሹ። ቁጥሩ ብቅ ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሠላሳ አራት በኩል ፎቶግራፍ አነሣትና በስልኩ ለአውሮፓ ሰብሳቢ ወዳጆቹ ላከ። ከመካከላቸው አንዱ «ታድለሃል» ብሎ መለሰለት። በዚያች ቃል እስከ ምሳ ሰዓት ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ግንባሯን ሲከፍት ግን ክው አለ።

አሮጊቷ እንደ ዛሬዎቹ የምትጫን ቁልፍ የላትም። የምትሠራው በካርድ ነው። መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ ካርድ በግንባሯ ስንጥቅ ትገባለች፤ ማሽኗ ካርዷን እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ትስባታለች፤ በካርዷ ጠርዝ ላይ የተቆረጡትን ጥርሶች ትናንሽ የብረት ጣቶቿ እየዳሰሱ፣ «አሁን ውሃ አስገቢ፣ አሁን አሙቂ፣ አሁን አፍስሺ» ይሏታል። እንደ ዓይነ ስውር አንባቢ በጣቷ ነው የምታነበው። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያውቀዋል። ያላወቀው ነገር፣ ስንጥቁ ውስጥ ያገኛት ካርድ ግማሽ የእንጆሪ ሥዕል ያለባት መሆኗን ነው።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ካርዷ ነዋ።»

«የአይስክሬም ዕቃ ክዳን ነው እኮ!»

«ክዳን ነው። እኔው ነኝ በመቀስ የቆረጥኩት። ጥርሱ አልቆ ነው አሁን መሐል ላይ የምትቆመው። ሌላ ልቆርጥላት ነው ስል አለቃህ ‹በሥርዓት› አለኝ።»

ክዳኑን በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደ ያዘ ሰው አንጠልጥሎ አወጣው። ቤቱ ውስጥ በሁለት መስተዋት መሐል የተቀመጠች አንዲት ካርድ አለችው፤ ፋብሪካው ራሱ የቆረጣት፣ ለዚችው ለአሮጊቷ ዓይነት የተሠራች፣ ከአንድ አውሮፓዊ ሰብሳቢ በሁለት የማሽን ማዞሪያ የለወጣት። ስትመጣ «ምን ያደርግልሃል?» ላለችው እህቱ «ቀን ይመጣል» ብሏት ነበር። ቀኑ መጣ።

«ልጄ፣» አሉ እትዬ፣ «የፋብሪካውን ካርድ ልታስገባ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርህ። አራተኛዋ ጥርስ...»

«አራተኛዋ ጥርስ ዋናውን እጥበት ታስጀምራለች፤ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አለ። ስልሳ ዓመት የተጠና ነገር ነው፣ እትዬ። እነዚህ ሰዎች እንደኛ በግምት አይሠሩም። እያንዳንዷ ጥርስ በሚሊሜትር ተለክታ...» ብሎ ቀጠለ። እትዬ ሁለት አንሶላ እስኪያጥፉ ድረስ አላቆመም። ሲጨርስ፣

«እንግዲህ ያነበበ ያውቃል» አሉና ሦስተኛውን አንሶላ አነሡ።

ክዳኑን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ማክሰኞ ቀለም ቀባ። መመሪያው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ሰማያዊ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ቀይ መሆን አለበት ይላል። በእሷ ክፍል ሁለቱም ቧንቧ በዝገትና በአቧራ አንድ ሆነዋል። በመሰላል ወጥቶ፣ ትንሽ ብሩሽ ይዞ፣ ቀዩን እንደ ከንፈር ቀለም አሳምሮ ቀባው፤ ከማሽኗ ጀርባ እስከ ግድግዳው፣ ከግድግዳው እስከ በሩ ራስጌ። ከታች የነበሩት ሁለት ወጣት አጣቢዎች አንጋጠው እያዩ በክርን ይጎሻሸማሉ። አድንቀውት መሰለው።

ረቡዕ ካርዷን በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ሊሠራው የማይችለውን፣ ሰብሳቢ ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራ፤ አልሞከራትም። ካርዷ አሮጌ ናት፤ በገባች ቁጥር ጥርሷ በጥቂቱ ይበላል። ለሙከራ ተብሎ እንዲህ ያለ ቅርስ አይባክንም። ለሐሙስ ትቆይ አለ። ክዳኑ ከተጣለ ወዲህ አጣቢዎቹ የሚያጥቡት በእጃቸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ነጭ ጋውን ለብሷል፤ ራሱ የተኮሰው ስለሆነ ጠርዙ ይቆርጣል። ሁለት ሰዓት ሲል ሥራ አስኪያጁ የላስቲክ ማኅደር በብብቱ ይዞ ደረሰ። ደብዳቤው በማኅደሩ ውስጥ መሆኑን ሊቀ ማጠቢያ ገምቷል፤ ግን ምን ቆርጦት ይፈራል? ሃያ አምስት አንሶላ አስገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ከሐር ጨርቁ ካርዷን አወጣ። እህቱ ያለችው ትዝ አለው። ትዝ ቢለውም ታሪኳን ተረከላቸው፤ ከተፈለሰፈችበት ዓመት ጀምሮ።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። «አስነሣት።»

ካርዷ ገባች። አሮጊቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ውሃ ሳበች፣ በርሜሏ ወዲያ ዞረ፣ ወዲህ ዞረ። አንሶላዎቹ በመስተዋቷ በኩል እንደ ዳመና ሲንከባለሉ የሊቀ ማጠቢያ ደረት አብሮ ይንከባለል ነበር። ማንም አልነካትም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያለ እንከን ለፋች፣ የቆሸሸውን ውሃ አፈሰሰች። ሥራ አስኪያጁ «በርታ!» ብሎ ትከሻውን ቸብ አደረገው። ከዚያ ማሽኗ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማችና ጸጥ አለች።

ጥቂት ቆዩ።

«ቆመች እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አልቆመችም ጌታዬ፤ እየጠበቀች ነው።»

«ምኑን?»

«ሙቅ ውሃ። ዋናው እጥበት በሙቅ ውሃ ነው የሚጀመረው። ውሃው ልኩ ካልደረሰ ካርዱን አታሳልፍም። ሥነ ሥርዓት ያላት ማሽን ናት።»

«እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው?»

«መመሪያው ላይ ገደብ አልተጻፈም።»

ሥራ አስኪያጁ አንድ ቅርጫት ገልብጦ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ ሃያ ሆነ። ስልክ ተደወለለት፤ ወጥቶ አናግሮ ተመለሰ። አሮጊቷ እንደ ቆመች ነው። ሁለቱ ወጣት አጣቢዎች ፎጣ ክምር ጀርባ ተደብቀው ትከሻቸው ይርገፈገፋል። እትዬ ብቻ አልሳቁም፤ የትራስ ልብስ ያጥፋሉ።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሊቀ ማጠቢያ ወደ ቀዩ ቧንቧ ሄዶ እጁን ጫነበት። ቀዝቃዛ ነው። መዳፉን ሲያነሣ ቀይ ሆነ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። በዓይኑ ቧንቧውን ተከተለው፤ በግድግዳው ሽቅብ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ በበሩ ራስጌ። እዚያ ያበቃል። ተቆርጧል። ጫፉ ላይ የእንጨት ውታፍ ተወትፏል። ውታፉም ቀይ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት እሱንም በጥንቃቄ፣ ሁለት ጊዜ ደርቦ ቀብቶታል።

አንድ ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ያላየውን ነገር በብሩሽ እየዳሰሰ፣ ቀለም እየመረጠ፣ እያፏጨ ማለፍ ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል። ሊቀ ማጠቢያ ቀይ መዳፉን እያየ፣ ያ ተሰጥኦ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደነበረው አሰበ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ተነሥቶ። «ማሽኗ አበቃላት? አዲስ ልግዛ? እውነቱን ንገረኝ።»

መንገዱ ተከፈተለት። «አዎን፣ አበቃላት» ቢል ሥራ አስኪያጁ ያምነዋል፤ አዲስ ማሽን ይመጣል፤ አዲስ ማሽን ደግሞ መመሪያ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ደመወዙ አይቋረጥም። አሮጊቷ ግን ለብረት አቅላጭ ትሰጣለች። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው።

«ማሽኗ ምንም አልሆነችም፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ። ሙቅ ውሃ የሌለው ቧንቧ ቀለም ቀብቼ፣ ሙቅ ውሃ የሚፈልግ ካርድ አስገባሁባት። እትዬ ሊነግሩኝ ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። የእሳቸውን ካርድ ሰኞ ዕለት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።»

የሚሰማው የአንድ ቧንቧ ጠብታ ብቻ ነው፤ የሰማያዊው።

«ሙቁ ውሃ የተቋረጠው የላይኛው ማሞቂያ የፈነዳ ጊዜ ነው» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «አንተ ገና አልተቀጠርክም። ያኔም እንዲሁ እንደ ተገተረች ቀረች። ሠሪው እስኪመጣ እያልኩ ሦስት ወር በእጄ አጠብኩ። ሠሪ የለም። ከዚያ ካርዷን አውጥቼ እያየሁ፣ አንዷን ጥርስ በፕላስተር ስደፍን፣ ሌላዋን ስቆርጥ፣ አንድ ቀን ጎርፍ ስታመጣብኝ፣ አንድ ቀን ሳሙናውን ሳታለቀልቅ ስትተፋው... አራተኛዋን፣ ሙቁን ውሃ የምትጠራዋን፣ ደፈንኳት። በቀዝቃዛው አስገብቼ እዚያው ሆዷ ውስጥ በራሷ ማሞቂያ አሞቀዋለሁ። ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይኸው ነው። ያን ማኅደርህን አምጣው እስቲ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው አቀበላቸው። እትዬ ወረቀቶቹን አውጥተው መለሱለት፣ ላስቲኩን በጥፍራቸው ቸከል ቸከል አደረጉት፣ «ጠንከር ያለ ነው፤ ዓመት ይሄዳል» አሉና የክር መቀሳቸውን አነሡ። ማስመሪያ የለም፣ ምልክት የለም። ርቀቱን የሚለኩት በአውራ ጣታቸው ወርድ ነው። ሊቀ ማጠቢያ ቆሞ አየ። አንድም ጊዜ «ገጽ» አላለም።

የማኅደሩ ካርድ ገባች። አሮጊቷ ቀጭ አለች፣ ውሃ ሳበች፣ ሆዷ ማጉረምረም ጀመረ፤ በርሜሏ ዞረ። አጠበች፣ አለቀለቀች፣ ምድር ቤቱን እያንቀጠቀጠች ጨመቀች። ማንም አልነካትም።

ሥራ አስኪያጁ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ግማሹ ላይ ወደ እትዬ ዞሮ፣ «እንግዲያው ቴክኒሺያን ፍለጋ የምዞረው ለምንድን ነው? ቦታው የእርስዎ ነው» አለ።

«ደመወዙን እወስዳለሁ፤ ማን ይጠላል? ግን ይህን ልጅ ስጠኝ።»

«ይህን? ምን ይሠራልዎታል?»

«እኔ ይቺ ማሽን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ለምን እንደምታደርግ የነገረኝ የለም። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ ከዚያ ማን ሊቆርጥላት ነው? አንተ ነህ?» አሉና ወደ ሊቀ ማጠቢያ ዞሩ። «ለምሳሌ ዘጠነኛዋ ጥርስ። ምን እንደምታመጣብኝ ፈርቼ ከደፈንኳት ወዲህ አልከፈትኳትም። ምንድን ናት?»

ሊቀ ማጠቢያ ገጹን ያውቀዋል፤ ዓመተ ምሕረቱንም ያውቀዋል። ሁለቱንም ዋጣቸው።

«አሚዶ ናት፣ እትዬ። ከጎኗ ያለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ አሚዶ ከጨመሩባት የጠረጴዛ ልብሱን ራሷ ታጠነክረዋለች።»

እትዬ የትራስ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«አሥራ አምስት ዓመት!» አሉ። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አሚዶ በባልዲ ስበጠብጥ! ይህን እያወቅህ ከዚያ በር ማዶ ቆመህ ካውያ ትገፋለህ?»

«ፎጣውን ፈርቼ ነው።»

ሁለቱ አጣቢዎች አሁን ሳይደበቁ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ፤ ክራቫቱን ጥቂት አላላ። የምስጋና ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ከቢሮው የቅጥር ቅጽ አስመጣ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሊቀ ማጠቢያ በአሮጊቷ በሞቀው አናት ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ይሞላ ጀመር። የሥራ መደብ የሚለው ላይ እትዬ «ጀማሪ አጣቢ በል» አሉት፤ አለ። ደመወዙ ከካውያው ዘመን ይቀንሳል፤ ቤቱን ግን ያቆማል። ቀጥሎ «በማጠቢያ ሥራ ያለዎት ልምድ» የሚል መስመር መጣ። እስክሪብቶው ቆመ። ሃያ አራት ዓመት ያነበባቸው መመሪያዎች፣ ዘጠኙ ማሽኖች፣ አርባ ሦስቱ ቃላት በልቡ ተሰልፈው «ጻፈን» አሉት።

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ገባህ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«አሁን ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«እንግዲህ ቁጠረው።»

«አራት ሰዓት ተኩል» ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ሊፈርም ሲል መስመሩን አየና እስክሪብቶውን መለሰለት።

«ከዚህ ውስጥ ሙቅ ውሃ የጠበቅክበት ስንት ይሆናል?»

«አንድ ሰዓት ያህል፣ ጌታዬ።»

«እሱንማ ቀንስ።»

ቀነሰ።